ጄሉ ንጹህ፣ ናኖድሮፑ ግን አይስማማም (የኤን ፕሮቲን ጉዞዬ እስካሁን)

በመጨረሻ 0.6 አየሁ! የ260/280 ሬሾ ማለቴ ነው፣ ናኖድሮፕ (በአንድ ጠብታ ላይ የብርሃን መዋጥን የሚለካ መሳሪያ) 260 ናኖሜትር ላይ ያነበበውን 280 ላይ ላነበበው ስታካፍሉ የሚወጣው። ፕሮቲን ብቻውን ሲሆን 0.6 አካባቢ ያሳያል፣ አርኤንኤ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ወደ 2 ይጠጋል፣ እኔ ግን ከክረምት ጀምሮ ጄሉ (ፕሮቲኖችን በመጠናቸው የሚለየው) ላይ አንድ ወፍራም ቆንጆ ባንድ እያየሁ ናኖድሮፑ ላይ 1.6፣ 1.7 ነበር የሚወጣልኝ። ስለዚህ ጽሁፉ ባብዛኛው ስለዚች ቁጥር ነው፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ፣ የምሰራው የኮቪድ ቫይረስ ኑክሊዮካፕሲድ ወይም ኤን የሚባለውን ፕሮቲን ነው፣ ለኢላይዛ (ደም ውስጥ የቫይረሱን ፀረ እንግዳ አካል ለሚፈልግ ምርመራ) እንዲሆነን። ቫይረሱ ራሱ ላባችን ውስጥ የለም፣ ኖሮም አያውቅም (ቱሉ ዲምቱ የተከራየሁበት ቤት እትዬ «ያንን በሽታ ነው እንዴ እዛ የምታራቡት?» ብለውኛል፣ አስረድቼም ያመኑኝ አይመስለኝም)። ያለን አንድ ጂን ነው፣ ፕላዝሚድ (ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) ላይ የተቀመጠ፣ እሱን ኢ. ኮላይ ውስጥ እንከታለን፣ ፕሮቲኑን ባክቴሪያው ይሰራልናል። ለምን ስፓይክን (የቫይረሱን የውጭ እሾህ) አልሰራችሁም የምትሉ፣ ስፓይክ 1,273 አሚኖ አሲድ ያለው ግዙፍ ነገር ነው፣ 22 ቦታ ላይ ስኳር ይለጠፍበታል፣ ኢ. ኮላይ ያን መለጠፍ አይችልም፣ የእንስሳት ሴል ማሳደጊያ ደግሞ እኛ ጋ የለም። ኤን 419 አሚኖ አሲድ ብቻ፣ ስኳርም ሳይለጠፍበት ለኢላይዛ ይሆናል፣ ሲስቴይን የሚባለው አሚኖ አሲድ እንኳን ስለሌለው የዳይሰልፋይድ (የሰልፈር ማሰሪያ) ጣጣ የለበትም። በወረቀት ላይ ቀላሉ ፕሮቲን ነው በቃ።

ማሳደጉ ላይ ብዙ አልልም። ቢኤል21 (የኢ. ኮላይ ዝርያ)፣ 37 ዲግሪ፣ ኦዲ (የባክቴሪያው ድፍርስነት ልክ) 0.6 ሲደርስ (ይሄኛው 0.6 ሌላ ነው) ጂኑን የሚያስነሳውን አይፒቲጂ ጨምሮ ሙቀቱን ወደ 18 ማውረድና ማሳደር። ሼከራችን (ባክቴሪያውን እያወዛወዘ የሚያሳድገው ማሽን) ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም፣ ግን ክረምት ማታ ማታ ክፍሉ ራሱ ወደ 18 ስለሚጠጋ መስኮት ከፍቶ መሄድ ነው፣ የዚህ ሰፈር ብርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። መብራት ሲጠፋ ግን ሼከሩ ይቆማል፣ ባክቴሪያውም አየር ያጥረዋል፣ ስለዚህ ጀነሬተር የሚያስነሳ ሰው መኖሩን ሳታረጋግጡ ማታ ኢንዳክሽን (አይፒቲጂ መጨመሩን) አትጀምሩ። ሌላ ትንሽ ነገር፣ ፕሮቶኮሉ የጄል ናሙና 95 ዲግሪ ላይ አፍሉ ይላል፣ እኛ ከፍታ ላይ ውሃ 93 ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፣ በውሃ 95 አይደረስም። ደረቅ ሂት ብሎክ ከሌላችሁ 5 ደቂቃውን 10 አድርጉት፣ ምንም አይልም።

አሁን ወደ ዋናው። ኤን ቫይረሱ ውስጥ ስራው ምንድነው? 30 ሺህ ቤዝ ገደማ የሚረዝመውን አርኤንኤ መጠቅለል። ፖዘቲቭ ቻርጁ ከፍተኛ ነው፣ ፒአዩ (ቻርጁ ዜሮ የሚሆንበት ፒኤች) ወደ 10 ነው፣ እና ባክቴሪያ ውስጥ ስትሰሩት የቫይረሱን አርኤንኤ ባያገኝ ያገኘውን የባክቴሪያ አርኤንኤ እንደ መዥገር ነክሶ ይይዛል፣ ከዛ ሴሉን ስትሰብሩት አብሮት ይወጣል፣ ኒኬል ኮለም (ፕሮቲኑን ጫፉ ላይ በተቀጠለለት ሂስ ታግ የሚይዘው) ላይ አብሮት ይቀመጣል፣ ፕሮቲኑን ከኒኬሉ በሚያላቅቀው ኢሚዳዞል ስታወርዱትም አብሮት ይወርዳል። ጄሉ ደግሞ ይሄን አይነግራችሁም፣ ኮማሲ የሚባለው የጄል ቀለም የሚያቀልመው ፕሮቲን ብቻ ነዋ! ለዛ ነው ጄል ብቻ አሳይቶ «ንጹህ ነው» የሚል ሰው የማላምነው። ናኖድሮፕ ከሌላችሁ ከምርቱ ትንሽ ወስዳችሁ በኤስዲኤስ (ፕሮቲኑን በሚፈታ ሳሙና) አፍሉና አጋሮዝ ጄል ላይ አርኤንኤን በሚያበራው ኢቲዲየም እዩት፣ የሚያበራ ጭጋግ ካለ አርኤንኤው እዛው ነው።

መፍትሄው ላይ ሰው ሁሉ የየራሱ ሃይማኖት አለው። አንዱ ኑክሊየዝ (አርኤንኤና ዲኤንኤ የሚቆርጥ) ኢንዛይም ጨምር ይላል፣ ጥሩው ቤንዞኔዝ ነው፣ ይሰራልም፣ ግን ዋጋውንና ውጭ ታዝዞ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ አስቡት። ሌላው አርኤንኤዝ ኤ ይላል፣ ርካሽ ነው፣ እኔ ግን አልወደውም፣ አንደኛ ኤን አቅፎ የያዛቸው ቁርጥራጮች ከኢንዛይሙ ተሸሽገው ሊቀሩ ይችላሉ፣ ሁለተኛ አርኤንኤዝ ኤ በቀላሉ የማይሞት ነገር ነው፣ ያው ክፍል ውስጥ አርኤንኤ የሚያወጣ ሰው ካለ ጠላት ታፈራላችሁ።

የኔ ምርጫ ጨው ነው፣ ብዙ ጨው፣ ያውም ኮለሙ ላይ እያለ። ፕሮቲኑ በሂስ ታጉ ኒኬሉን ስለያዘ የትም አይሄድም፣ ከአርኤንኤው ጋር ያገናኘው ግን ቻርጅ ነው፣ ቻርጅን ደግሞ ጨው ያላላዋል። ሴሉን የምሰብርበት ባፈር ራሱ 1 ሞላር ጨው አለው። ከጫንኩ በኋላ 1.5 ሞላር ጨውና 20 ሚሊሞላር ኢሚዳዞል ባለው ባፈር አጥባለሁ፣ የረዚኑን (ኮለሙ ውስጥ ኒኬሉን የተሸከመውን ሙሌት) መጠን 20 እጥፍ ያህል፣ ግን ወሳኙ ብዛቱ ሳይሆን ዝግታው ነው፣ መሃል መሃል ላይ ቧንቧውን ዘግቼ 10 ደቂቃ አስቀምጠዋለሁ፣ አርኤንኤው ለመላቀቅ ጊዜ ይፈልጋል። የሚንጠባጠበውን በ260 እለካለሁ፣ ቁጥሩ ወርዶ ሲረጋ ብቻ ነው ወደ 500 ሚሊሞላር ጨው መልሼ በ300 ሚሊሞላር ኢሚዳዞል የማወርደው። ስትለኩ ዜሮ የምታደርጉበት ባፈር ኢሚዳዞሉ ያለበት ራሱ የማውረጃው ይሁን፣ ኢሚዳዞልም ብርሃን ይውጣል። ረዚኑ እስከ 2 ሞላር ጨው ይችላል አትፍሩ፣ የማይችለው ኢዲቲኤ ነው፣ ኒኬሉን ይነቅለዋል። (የሱቅ ጨው ይሆናል ወይ ለምትሉኝ አይሆንም፣ አዮዲን አለበት።)

ኮለሜ ደግሞ ማሽን ላይ የተገጠመ አይደለም፣ በስበት የሚወርድ ፕላስቲክ ቱቦ ነው። እላችኋለሁ፣ ለተማሪ ከዚህ የተሻለ የለም፣ እያንዳንዷን ጠብታ ታያላችሁ፣ መብራት ቢጠፋም ይወርዳል። እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹ አስተያየቴ ከማሽን እጦት የመጣ ነው፣ ጄል ፊልትሬሽን (ፕሮቲንን ሳይፈቱት በግዝፈቱ መለየት) ሰርቼ ስለማላውቅ የኔ ኤን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይቀመጥ ወይም ተጓጉሎ ይሁን ማሳየት አልችልም፣ ስለ ማሽን ስናገር ይሄን ይዛችሁ ስሙኝ።

መጠኑን በ280 ብቻ አትለኩ፣ አርኤንኤም እዛ ላይ ስለሚነበብ ቁጥሩ ይዋሻችኋል። ብራድፎርድን (ፕሮቲንን በቀለም የሚለካውን ዘዴ) አርኤንኤ አያታልለውም፣ ግን ቀለሙ አርጂኒን ይወዳል፣ ኤን ደግሞ አርጂኒን ስለሚበዛበት ማወዳደሪያ ከሆነው ፕሮቲን ከቢኤስኤ ጋር ሲወዳደር ቁጥሩ ሊዛባ ይችላል። እኔ ሁለቱንም ለክቼ ሲቀራረቡ ነው የማምነው።

ዲያሊሲስ (በቀጭን ከረጢት ባፈሩን መቀየር) ላይ ቸኩላችሁ ፒቢኤስ (ጨው ያነሰበት የተለመደ ባፈር) ውስጥ አታስገቡት፣ ጨው ሲያንስ እንደ ወተት ይደፈርሳል፣ አርኤንኤ የቀረበት ከሆነማ ይብሳል። 300 ሚሊሞላር ጨው፣ 10 ፐርሰንት ግሊሰሮል፣ ትንንሽ ቱቦ ላይ ከፋፍሎ ማይነስ 80። መከፋፈሉን አትናቁት፣ አንዱን ስታቀልጡ ሁሉም አብሮ ቀልጦ አብሮ እንዳይበላሽ የምትጠቀሙበትን ያህል ብቻ አውጡ፣ ጨውም የምትቀንሱት የኢላይዛውን ፕሌት ልትቀቡ ስትሉ ነው።

አሁን የቀረኝ ፕሌቱ ነው፣ እዛ ላይ ደግሞ ፕሮቲኑ ሳይሆን ሴረሙ ነው የቸገረኝ። ዛሬ «ኔጌቲቭ» (ደሙ ውስጥ ለኤን ፀረ እንግዳ አካል የሌለው) ሰው ከየት ይመጣል? በሽታው ያልያዘው ቢገኝ እንኳን ሲኖፋርም ወስዶ ይሆናል፣ እሱ ከተገደለ ሙሉ ቫይረስ ስለሚሰራ ኤንም አለበት። የሚያስተማምነው መጋቢት 2012 እዚህ አገር የመጀመሪያው ታማሚ ከመገኘቱ በፊት ተቀድቶ የተቀመጠ ሴረም ነው። በስነ ምግባር ኮሚቴ በኩል ያለፈ፣ ስም የሌለበት የድሮ ሴረም ፍሪዘራችሁ ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ በምትኩ ረዚን እጋራችኋለሁ።