ፒስተን ከመግዛታችሁ በፊት የውሃ ፓምፑን ፍቱት

ባህር ዳር የጀልባ ሞተር ስሰራ አንድ የለመድኩት ነገር አለ፣ ሰው ሞተሩን አስጭኖ ሲመጣ በሽታውንም መድሃኒቱንም ወስኖ ነው ሚመጣው። እኚህ ጋሼም እንደዛው ነበሩ። ሞተሩ 40 ፈረስ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ ሚሰራው አይነት ነው፣ ወደ ዘጌ ሰው፣ ሲመለሱ ደግሞ ቡናና ጌሾ ሎሚም ያመላልሱበታል። አንዴ በፎገራ በኩል ተኮናትረው ሄደው ሲመለሱ መሀል ሃይቅ ላይ ጉልበቱ ጠፋ፣ ከዛ ቀጥ አለ። ሌላ ቦታ ሲያሳዩት ሁለቱም ፒስተን ከነፋሻው (ፒስተኑን ከሚከቡት ቀለበቶች ጋር) ይቀየር፣ ሲሊንደሩም ቶርኖ ቤት ገብቶ ይስፋ ተባሉ። እጃቸው ላይ ያለው ብር ላንዱ ፒስተን እንኳ በቅጡ ሚበቃ አልነበረም፣ አማቻቸው ዘንድ ለብድር ሊሄዱ ነው።

"ጋሼ ብድሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ልየው" አልኳቸው።

"ምኑን ታየዋለህ፣ ኮምፕሬሽኑ ሞቷል ተብያለሁ እኮ፣ 120 መምታት ነበረበት አሉኝ"

እዚች 120 ላይ ነው ነገሩ፣ ኮምፕሬሽን ሲሊንደሩ አየሩን ሲጨምቅ ሚፈጥረው ግፊት ነው፣ ቁጥሩም በፒ ኤስ አይ ነው። እኔም ካንዴላውን ፈትቼ የግፊት መለኪያውን ጌጅ ስገጥም ላይኛው ሲሊንደር 95፣ ታችኛው 80 መታ። ቁጥሩን ብቻ ካያችሁት ሁለቱም አልቀዋል ትላላችሁ። ግን ጣና ከባህር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው ያለው፣ አየሩ ይሳሳል፣ ሲሊንደሩ ሚጨምቀው አየርም በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፣ ስለዚህ በባህር ወለል ከፍታ 120 ሚመታ ጤነኛ ሞተር እኛ ጋ 95 አካባቢ ነው ሚያሳየው። (ሞተሬ ደከመ እያላችሁ ምትማረሩ ባለጀልባዎች፣ 40 ፈረሱም እዚህ 32 ገደማ ነው፣ ከሞተሩ ጋር አትጣሉ።) ዋናው በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ነው፣ ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት ካለፈ አንዱ ታሟል ማለት ነው። እና የታመመው ታችኛው ብቻ ነው።

ያ ግን ገና ሟቹን ማግኘት ነው፣ ገዳዩ አልተገኘም። አዲስ ፒስተን ቢገባበትም ያው ነገር መልሶ ያቃጥለዋል። ልጁን ሞተሩ መሀል ላይ ከመቆሙ በፊት ከጎን ምትወጣዋ ቀጭን ውሃ፣ ፓምፑ መስራቱን ምታሳየዋ፣ ነበረች ወይ አልኩት፣ ጀልባውን ሚነዳው እሱ ነው። "ኧረ እሷስ ከእምቦጩ ከወጣን ጀምሮ ጠፍታ ነበር" አለኝ ምንም እንዳልሆነ። ወይ ጉድ! እምቦጭ፣ ሃይቁን የወረረው አረም፣ በሰሜን ምስራቁ ዳርቻ ነው በብዛት ያለው፣ ደምቢያና ፎገራ በኩል፣ ስሩ ውሃ መሳቢያውን ይደፍነዋል፣ ጭቃውም ይጨመርበታል። ፓምፑ ውሃ ካላገኘ የውስጡ ጎማ በደረቁ ይፈተጋል፣ ሞተሩም ሚያቀዘቅዘው ውሃ አጥቶ ይግላል።

የሞተሩን ታችኛ እግር አውርጄ ፓምፑን ስከፍተው የጎማዋ ኢምፔለር ከ6 ክንፏ 3ቱ የሉም። አሁን እዚች ጋ ብዙ ሰው አዲስ ኢምፔለር ገጥሞ ይዘጋል፣ የተቆረጡት ክንፎች ግን የትም አልሄዱም፣ ውሃው ይዟቸው ወደ ላይ ነው ሚወጡት። ሁለቱን ውሃ ሚያወጣው ቱቦ ውስጥ አገኘናቸው፣ ሶስተኛዋ ቴርሞስታቱ ስር ተወትፋ ነበር፣ ቀጭን ሽቦ ቆልምሜ ነው ያወጣኋት፣ ጋሼም መዳፋቸው ላይ አድርገው ሲያገላብጧት ቆዩ። "ይቺ ናት ከአማቼ ልታበዳድረኝ የነበረች?"

የቀረው ትእግስት እንጂ ብር አልፈለገም። ታችኛው ሲሊንደር ግድግዳ ላይ ከፒስተኑ የቀለጠ አልሙኒየም ተለጥፎ ነበር፣ ሲያዩት ጭረት ይመስላል ግን ብዙው ልጣፍ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በውሃ አቅጥኜ በጥጥ ቀስ እያልኩ አበስኩት፣ አልሙኒየሙን እየበላ ያፈላል፣ የብረቱን ግድግዳ ግን ቶሎ አይነካውም፣ ሲጨርስ በሳሙና አጥቦ ወዲያው ዘይት መቀባት ነው። ጓንት አድርጉ፣ በር ክፈቱ፣ ፒስተኑን ደግሞ በአሲድ እንዳትነኩት። ከስሩ ያለው ብረት ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፣ ልኩም አላለፈም፣ ስለዚህ መስፋቱ ቀረ። ፒስተኑን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠረግ ጠረግ አድርጌ ለካሁት፣ ይሰራል፣ አዲስ ፋሻ ብቻ ገባለት።

ቴስታታው፣ የሲሊንደሩ ክዳን፣ በሙቀት ትንሽ ተጣሞ ነበር። እሱንም ቶርኖ ቤት አልወሰድነውም፣ ወፍራም መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቶ በ8 ቁጥር ቅርጽ ማሸት ነው፣ ልጁ ግማሽ ቀን አሸው፣ እያጉረመረመ።

የተጣላነው በጓርኒሲዮኑ ነው፣ በቴስታታውና በሲሊንደሩ መሀል ሚገባው ማሸጊያ። ጋሼ የድሮውን አጥበን በማስቲሽ እንመልሰው ብለው ድርቅ አሉ። እዚህ ላይ ግን እኔም ድርቅ አልኩ፣ አንዴ የተጨፈለቀ ጓርኒሲዮን መልሶ አይዝም፣ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ የሰራነው ሁሉ ገደል ገባ። ሶስት ነገር ግዙ አልኳቸው፣ ኢምፔለር፣ የታችኛው ፋሻ፣ ጓርኒሲዮን። እየከበዳቸው ገዙ።

በርሜል ውሃ ሞልተን አስነሳነው፣ ውሃዋ ከጎን ወጣች፣ በእጅ ሲነኳት ለብ ያለች። አዲሱን ፋሻ ለማለማመጃ በ10 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ከዛ በኋላ ወደ 200 ይወርዳል፣ የመኪና ዘይት ሳይሆን የባለ ሁለት ምቱን። ለልጁም ነገርኩት፣ እምቦጭ ውስጥ ከገባህ ቀዝፈህም ቢሆን ውጣ፣ ካልሆነም ትንሽ ወደ ኋላ ማርሽ አስገባና አራግፈው፣ ውሃዋ ከጠፋች ሞተሩን እዛው አጥፋ።

አሁን ዘጌ እየተመላለሰ ነው። የላይኛውን ፋሻ ክረምት ላይ ጉዞ ሲቀንስ እናየዋለን ተባብለናል፣ ጌጁን ግን ጋሼ ራሳቸው ናቸው ሚይዙት፣ ከእንግዲህ በሰው ቁጥር አላምንም ብለዋል።