ያልተጻፈችው ፓውንድ

ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ በተቀጠርኩ በሰባተኛው ወር አንድ ኮንቴይነር ቡና በኪሳራ ሸጥኩ። ለዚህ ያበቃችኝ አንዲት ቃል ናት። ኢሜይሉ ላይ ያልተጻፈች ቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአረቢካ ቡና የዓለም ዋጋ የሚወጣው ኒውዮርክ ነው። የሚጠራውም በፓውንድ ይህን ያህል የአሜሪካ ሴንት ተብሎ ነው፤ ፓውንድ እዚህ ገንዘብ ሳትሆን ከግማሽ ኪሎ ትንሽ የምታንስ የክብደት መለኪያ ናት። ገዢና ሻጭ የሚከራከሩት ከዚያ ዋጋ ላይ ስንት ይጨመር፣ ስንት ይቀነስ በሚለው ነው። ያልታጠበ የጅማ ቡና ብዙ ጊዜ ከኒውዮርክ ዝቅ ብሎ ይሸጣል። ገበያው የሚዘጋው በእኛ ከምሽቱ 2፡30 ነው፤ እነሱ ክረምት ሲገባባቸው ደግሞ 3፡30 ይሆናል። ስለዚህ የሽያጭ ክፍል ሰው ብዙ ጊዜ ቢሮ ያመሻል።

ያን ምሽት ሀምቡርግ ካለው ገዢያችን መልእክት ገባ። "ጅማ 5፣ አንድ ኮንቴይነር፣ ኒውዮርክ ማይነስ 20።" በቃ፣ ይኸው ነው። ጅማ 5 ማለት ደረጃ 5 የጅማ ቡና ነው። የምን 20 እንደሆነ አልተጻፈም።

እኔ የማስበው በኪሎ ነው። አቅራቢዎቻችን ስልክ ደውለው "ፈረሱላው ስንት ገባ?" ይሉኛል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ጆንያችን 60 ኪሎ ይይዛል፣ ኮንቴይነሩ 320 ጆንያ። ስለዚህ ኤክሴሌ ላይ የኒውዮርክን ዋጋ መጀመሪያ ወደ ኪሎ እቀይራለሁ። ያን ቀንም ቀየርኩ። ከዚያ ላይ 20 ሴንት ቀነስኩ። ጥቂትም ቢሆን ትርፍ አለው። ገበያው ሳይዘጋ "ተስማምተናል" ብዬ መለስኩና ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግሥቱ ጠዋት አለቃዬ ውሉን ለማስመዝገብ ወረቀቱን ያገላብጣል። ዕድሜውን በቡና የጨረሰ ሰው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። እርሳሱን አወጣና ከ20 ሥር አሰመረ።

"ይቺ 20 የምን ናት?"

"ሴንት ናት፣ ጋሼ።"

"እሱማ ሴንት ናት። የኪሎ ነው የፓውንድ?"

አፌ ተያዘ። ኒውዮርክን ስቀይር ቅናሹን ረስቼዋለሁ። ፓውንዱ 2 ዶላር ቢሆን ኪሎው 4.41 ይመጣል። እኔ ከዚያ ላይ 20 ሴንት አንስቼ 4.21 ብዬ ነው ያሰብኩት። ገዢው የሚቀንሰው ግን ከፓውንዱ ላይ ነው። 1.80 ይሆናል፤ ወደ ኪሎ ሲመለስ 3.97። ልዩነቱ በኪሎ 24 ሴንት ነው። በ19,200 ኪሎ አባዙት። ከ4,600 ዶላር በላይ ነው።

ለገዢው ልጻፍለትና ላስረዳው አልኩ። ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። "ልጄ፣ ተስማምተናል ካልሽ ሸጠሻል። ቡናው ይሄዳል።" ቡናውም ሄደ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስህተቱ የኔ ነው። አንዲት መስመር ጽፌ መጠየቅ እችል ነበር። ግን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ነገር አለ። እኛ በኪሎ እንመዝናለን። ጀርመንም በኪሎ ትመዝናለች። ሁለታችንም ዘንድ የፓውንድ ሚዛን የለም። እንግሊዝኛም ለእኔም ለእሱም የእናት ቋንቋ አይደለም። ሆኖም በእንግሊዝኛ ተጻጻፍን፣ በፓውንድ ተዋዋልን። "በዚህ ቋንቋ እንጻፍ፣ በዚህ እንቁጠር" ያለ ሰው የለም። ጃፓንም ሳዑዲም ቤልጂየምም ቡናችንን ይገዛሉ፤ ሁሉም የኪሎ አገሮች ናቸው። እኔ ፈረሱላ ስል ማስረዳት አለብኝ፣ "17 ኪሎ ማለት ነው" እላለሁ። ፓውንድ ግን ስሟን የሚጠራ የለም። ሁሉም ያውቃታል ተብሎ ይታለፋል። የበላይነት ማለት ለእኔ ይኼ ነው፤ ሳይጠሩት መታወቅ።

ፈረሱላም ቢሆን ከሰማይ አልወረደልንም። ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች ጋር የመጣ መለኪያ ነው፤ ድሮ ክብደቱ እንደየአገሩና እንደየሸቀጡ ይለያይ ነበር። ያኔ ገበያው በዚያ በኩል ነበር። ዛሬ ዋጋ የሚቆረጠው ኒውዮርክ ነውና ሚዛኑም የኒውዮርክ ሆነ። ፓውንዷ ራሷ ግን በኪሎ ነው የምትተረጎመው፤ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልክ 0.45359237 ኪሎ ናት። ይኼን ሳነብ ገረመኝ። ሌላም አለ። የኒውዮርክ አንድ ውል 37,500 ፓውንድ ነው። በእኛ ስታሰሉት ከ1,000 ፈረሱላ እምብዛም አይበልጥም። ማንም አስቦበት የሆነ አይመስለኝም፤ ግን ለአቅራቢዎቻችን ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ኤክሴሌ ላይ ብቻዋን የምትቆም ቁጥር የለችም። ከአጠገቧ "በኪሎ" ወይም "በፓውንድ" ይጻፋል። ለገዢ ስመልስም "20 የአሜሪካ ሴንት በፓውንድ" ብዬ ሙሉውን እጽፋለሁ። አንዳንዱ "ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?" ብሎ ይጠይቃል። ጋሼ "ይጠይቁ፣ አንቺ ጻፊ" ይለኛል።

በዓመቱ የሀምቡርጉ ገዢ አዲስ አበባ መጣ። ቅምሻ ክፍላችን ውስጥ፣ ስኒዎቹ ተደርድረው፣ ስለ ዋጋ ማውራት ጀመርን። ከኪሱ ያረጀች ካልኩሌተር አወጣ። ክዳኗ ላይ ጠርዟ ቢጫ የሆነ ወረቀት ተለጥፏል። 2.2046 ይላል፤ አንድ ኪሎ በፓውንድ።

እጁን ይዤ ወደ ጠረጴዛዬ ወሰድኩትና የኮምፒውተሬን ጠርዝ አሳየሁት። ያችው ቁጥር ናት፣ በጋሼ እርሳስ የተጻፈች።