ለኮርስ ብለን ሰው ቤት ገብተን ሕፃን ስንመለከት

የሕፃናት እድገት ኮርሳችን ላይ ያለችው የቤት ለቤት ምልከታ በዚህ ሴሚስተር አለቀች። ሪፖርቴን አስገብቻለሁ። ውጤት ገና አልመጣም። ቢሆንም ከጀመርኩበት ብዙ ርቄ ሄጃለሁ ብዬ አምናለሁ፣ ደስም ብሎኛል፣ ስለዚህ ቀጥሎ ለምትመዘገቡ ላካፍላችሁ።

ለማታውቁት፣ ሥራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ይፈልጋል። በየሳምንቱ ቤቱ ሄዶ አንድ ሰዓት ያህል ይቀመጣል፣ ያየውን ይጽፋል። የእድገት ሠንጠረዥ አሞላሉን ማንም ይለምደዋል፣ እሱ ላይ ጊዜ አላጠፋም። አጻጻፉም ቶሎ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም «ደስተኛ ናት»፣ «ተበሳጨች» እያልን ነበር የምንጽፈው። ቆይቶ «የእናቷን ነጠላ ጫፍ በቀኝ እጇ ይዛ ወደ አፏ ወሰደች፣ ስታወጣው ፊቷን አኮሳተረች» ወደሚል መጣን። ደብተሩን ለሁለት መክፈል ረድቶኛል፤ በግራ ያየሁት፣ በቀኝ ያሰብኩት። ይኼው ነው።

ዘዴው የመጣው ከለንደን ነው። የሥነ ልቦና ተንታኟ ኤስተር ቢክ እ.ኤ.አ. በ1948 በታቪስቶክ ክሊኒክ የሕፃናት ሳይኮቴራፒ (የሥነ ልቦና ሕክምና) ሠልጣኞች ሕፃን ቤቱ ሄደው እንዲመለከቱ አደረገች። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ከልደት እስከ ሁለት ዓመት። ተመልካቹ እዚያ እያለ ምንም አይጽፍም። ከወጣ በኋላ የሚያስታውሰውን ይጽፍና በትንሽ ቡድን ይወያዩበታል። የእኛ ኮርስ ያሳጠረ ነው፣ ፎርም ይዞ ገብቶ እዚያው መሙላትም ይፈቅዳል። እኔ የቢክን እመርጣለሁ፣ በዚህ ጉዳይ ማንም አያሳምነኝም። እዚህ አገር ሰው ቤት ገብታችሁ ሕፃን ላይ ዓይናችሁን ተክላችሁ ወረቀት ላይ ስትጭሩ አያትየው ምን እንደሚሰማቸው አስቡት። እኔ የምሄድበት ቤት ያሉት እማማ፣ ደብተሬን ባወጣሁ ቁጥር የሕፃኗን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ምንም አይሉኝም፤ ዝም ብለው ብቻ ነጠላውን ሳብ። ደብተሩን ቦርሳ ውስጥ ስተው ነጠላው ወረደ። ከዚያ በኋላ የጻፍኩት ሁሉ ታክሲ ውስጥ የተጻፈ ነው፣ የተሻለውም እሱ ነው።

ጊዜውም ላይ አቋም አለኝ። አራስ ቤት አትግቡ። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ክርስትና እስክትነሳ ጠብቁ፣ ከዚያም እናትየው ትንሽ ትረፍ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለኮርሱ ብዙ ትምህርት አላቸው ይባላል፣ አላቸውም። ግን ያ ጊዜ የእኛ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ወደነበረው። ፈቃድ።

ቤተሰብ የምናገኘው እንዴት ነው? የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ምራት፣ እናታችን ዕቁብ የምትጥልባት ሴት ልጅ። በአጭሩ፣ እምቢ ሊሉን የማይችሉ ሰዎች ናቸው። «የትምህርት ጉዳይ ነው፣ ተባበሪኝ» ስትሏት ይሉኝታ ይዟት «ኧረ ምን ችግር አለው፣ ቤትሽ አይደል እንዴ!» ትላለች። እኛም የፈቃድ ፎርሙ ላይ ምልክት አድርገን እናልፋለን። የእኔዋ እናት እንደዚያው ነበር ያለችኝ። በቀጣዩ ሳምንት ስሄድ ወለሉ ገና በውልወላ እርጥብ ነው። ሕፃኗ በዚያ ሙቀት የሱፍ ኮፍያ ተደርጎላት፣ የክርስትና ቀሚሷን ለብሳ ቁጭ ብላለች። ቡና እየተቆላ ነው። እናትየው ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል። እኔ እያየሁ የነበረው የሕፃን ውሎ ሳይሆን የእንግዳ አቀባበል ነው። «ዛሬ አልተመቸኝም» የሚል ቃል ደግሞ ከአፏ አይወጣም፣ ብትሞት አይወጣም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤንስወርዝ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ውስጥ ካምፓላ አካባቢ 26 ቤተሰቦችን ስትመለከት፣ የምትሄደው ከሰዓት በኋላ፣ የአካባቢው የጋንዳ ሕዝብ ሴቶች እንግዳ በሚቀበሉበት ሳሎን ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሰዓት፣ ከአስተርጓሚ ጋር። ይህን ሳነብ ትንሽ ተረጋጋሁ። ቡናውን እምቢ ብሎ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ሥዕል መቀመጥ መፍትሔ አይደለም ማለት ነው። እንግዳ መሆናችሁን ተቀበሉ፣ አንድ ስኒ ጠጡ፣ ግን እንግድነቱ ሸክም እንዳይሆን አድርጉት። ባዶ እጅ አትሂዱ፤ ብርቱካን ወይ ሳሙና ይበቃል። ትልቅ ስጦታ ግን አልወድም። የፈቃዷ ዋጋ ይመስላል፣ ከዚያ ማቆም ብትፈልግ እንኳ ዕዳ ይሆንባታል።

ለፈቃዱ ራሱ ከብዙ መከራ በኋላ የሠራልኝ እንዲህ ነው። መጀመሪያ፣ እኔ ራሴ አልጠይቅም። እናትየው በነፃነት የምታወራው ሌላ ሰው ይጠይቅልኝ፤ ለዚያ ሰው «ይቅርብኝ» ማለት ፊት ለፊት ከማለት ይቀላል። እኔ ደግሞ «ባይመቻት ሌላ ቤተሰብ አለ» ብዬ አስነግራለሁ፣ እውነት እንዲሆንም ሌላ ቤተሰብ አስቀድሜ እፈልጋለሁ። ሁለተኛ፣ በየሳምንቱ ከመሄዴ በፊት ባለው ቀን እደውላለሁ። «ነገ ልምጣ?» ብዬ አልጠይቅም፤ ለዚህ መልሱ ሁሌም «ነይ» ነው። «ነገ ይሻላል ወይስ ይህን ሳምንት ልዝለለው? ለእኔ ሁለቱም ያው ነው» እላለሁ። ይህን መጠየቅ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት «እስቲ ዝለይው» አለችኝ። ከሴሚስተሩ ሁሉ ያን ቀን የተደሰትኩትን ያህል አልተደሰትኩም፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ «ነይ» ስትለኝ አመንኳት። ወለሉም አይወለወልም፣ ኮፍያውም ቀረ።

የሚፈረመው ወረቀት ላይ የማስበውን ልንገራችሁ። ዲፓርትመንቱ ፊርማ ይፈልጋል፣ ይገባኛል። ግን ብዙ ቤት ፊርማ ማለት ቀበሌ ነው፣ ፍርድ ቤት ነው። በዚያው ቀን አታስፈርሙ። ወረቀቱን ትታችሁ ሂዱ፣ ባልም ይየው፣ ማንበብ የማይችል ካለ ይነበብለት። በቃል ፈቅደው መፈረም ለማይፈልጉ ደግሞ ምስክር ባለበት የቃል ፈቃድ መያዝ የታወቀ መንገድ ነው፣ መምህራችሁን አነጋግሩ።

ማንም ያልነገረኝ ነገር ግን ሞግዚቷ ናት። ፎርሙ ላይ «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» ይላል። እናትየው የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሥራ ስትመለስ፣ እኔ በዚያች ሰዓት የማየው ከክፍለ ሀገር የመጣች ወጣት ልጅ እንዴት እንደምትይዛት ነው። እሷን ማን ጠየቃት? እምቢ ብትል እንጀራዋ ነው። አንድ ቀን ልወጣ ስል እናትየው በር ላይ ያዝ አድርጋኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ በሌለሁበት እንዴት ነው የምታደርጋት?» አለችኝ። ጥያቄዋ የእናት ጥያቄ ነው፣ አልፈርድባትም። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ከተማሪነት ወደ ወሬ አቀባይነት ልለወጥ ነው። «የማየው ሕፃኗን ነው፣ ስለ እሷ ደግሞ አንቺ እያለሽ ነው የማወራው» አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱም ባሉበት ደግሜ ተናገርኩት፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ቃል አላመላልስም፣ ሕፃኗን የሚጎዳ ነገር ካየሁ ብቻ በግልጽ እናገራለሁ። ለሞግዚቷ ለብቻዋ ደግሞ፣ ካልተመቻት ለእኔ በስልክ ብትነግረኝ ሰበቡን ራሴ ላይ አድርጌ ሰዓቴን እናትየው ወደምትኖርበት ቅዳሜ እንደማዞር ነገርኳት። አንድ ሁለቴ አዙሬያለሁ። በእኔ እምነት ፎርሙ ላይ ለእሷ ራሱን የቻለ መስመር ሊኖር ይገባል።

«የሚጎዳ ነገር» ያልኩት ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሕፃኗ ሳል ይዟት ሳለ እማማ «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥላት» አሉ። የምትቆርጥ ሴት እንኳ ያውቃሉ። መጽሐፉ ተመልካች ጣልቃ አይግባ ይላል፤ እዚህ ላይ አልሰማሁትም። ባልጸዳ ምላጭ የሚቆረጥ እንጥል ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ሳሉንም አያድንም። የሚጎዳ ነገር ካየሁ እናገራለሁ ብዬ አስቀድሜ ስለነበር መናገር አልከበደኝም። እማማን ሳላዋርድ፣ «እርስዎ ስለሰጉላት ነው፣ ሳሉን ጤና ጣቢያ ይዩት» አልኩ፣ ለእናትየውም ምክንያቱን በደንብ አስረዳሁ። ወሰደቻት፣ ጉንፋን ነበር። በሌላው ነገር ግን ዝም እላለሁ። አስተቃቀፉ፣ አስተኛኘቱ፣ ዘፈኑ፣ እኔ የማላደርገው ሁሉ ስህተት አይደለም። መስመሩን ከመግባታችሁ በፊት ከመምህራችሁ ጋር አስምሩት፣ እዚያ ተቀምጣችሁ ሊሰመር አይችልም።

ስለ ሕፃኗ ራሷ ፈቃድም ብዙ አስቤያለሁ። አፍ ባታወጣም እምቢ ማለት ታውቃለች። ፊቷን ታዞራለች፣ ጀርባዋን ትለጥጣለች፣ ታለቅሳለች። ተመልካች ገለልተኛ ፊት ይኑረው የሚለውን ምክር እስከ ጥግ የሚወስዱ ጓደኞች አሉኝ፣ ሕፃን ፈገግ ስትልላቸው ድንጋይ የሚሆኑ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ትሮኒክ እና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያሳዩትን ሁላችንም ክፍል ተምረነዋል። እናት ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ስታደነዝዝ ሕፃኑ መጀመሪያ ሊያስቃት ይሞክራል፣ ከዚያ ይጨነቃል፣ ፊቱንም ያዞራል። እኛ እናት አይደለንም፣ ግን ተምሮ ሲያበቃ ያንኑ ፊት ይዞ ሰው ሳሎን መቀመጥ ምን ይባላል? ፈገግ ስትል ፈገግ በሉ። ፊቷን ስታዞር ወንበራችሁን አርቁ። ካለቀሰችና እኛ መሆናችን ካስጨነቃት ሰዓቱ ባይሞላም ተነሡ።

ፎቶ አላነሳም። ለክፍል ማቅረቢያ ቪዲዮ ማሳየት ያምራል፣ ግን ቪዲዮው ከክፍሉ አልፎ ቴሌግራም ላይ ላለመውጣቱ ማን ዋስ ይሆናል? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ ደህንነታቸው በቀደምትነት ይታሰብ ይላል። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ሕጉ ባይኖርም ሃያ ዓመት ሲሞላት የምታፍርበትን ነገር እኔ ስልክ ውስጥ ላስቀምጥ አልችልም። በማስታወሻዬ ውስጥ ሕፃኗ «ሚሚ» ናት፣ ሰፈሩ የለም፣ የአባትየው ሥራ የለም። የግራውን ገጽ ለእናትየው አንብቤላታለሁ። የቀኙን አላነበብኩላትም፣ እሱ ላይ አሁንም ልቤ ለሁለት ነው። ስለ ልጇ ያሰብኩትን የማወቅ መብት አላት ብዬ አምናለሁ፤ ደግሞ አንድ የተማሪ ግምት እናት ልብ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል።

አሁን የቀረኝ ትልቁ ነገር ከእኛ አቅም በላይ ነው። ቤተሰቡ መሀል ላይ ቢያቆም ተማሪው ከዜሮ ይጀምራል፣ ወይ ውጤቱ ይጎድላል። ይህን እናትየው ስትሰማ እንዴት አድርጋ ታቆማለች? እኛስ «በፈለግሽ ጊዜ ማቆም ትችያለሽ» ስንላት ውስጣችን እንዳታቆም እየጸለየ አይደለም? ጥቂቶች ተሰብስበን ለዲፓርትመንቱ ደብዳቤ ጽፈናል። ቤተሰቡ ቢያቆም እስከዚያ በተሰበሰበው ይታረም፣ ስለ ማቆሙ የሚጻፍ አጭር ገጽም ነጥብ ይያዝለት ብለናል። መልስ አልመጣም። የሚቀጥለው ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ደብዳቤው ላይ ስማችሁን ብታክሉ ይጠቅማል፣ ቅጂው የክፍል ተወካያችን ጋ አለ።