ዳር ሲፈታ

2 ሄክታር ደን አለችኝ። ከአንዱ ዳር ተነስቼ ሌላው ዳር ለመድረስ 3 ደቂቃ አይፈጅብኝም። ስገዛት የጥድ ዛፎቿ ከተተከሉ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ዞር ብሎ ያያቸው ሰው አልነበረም። በ2 ሜትር ርቀት እንደተተከሉ፣ ብርሃን እየተሻሙ ወደ ላይ ብቻ አድገዋል። በቀትርም ውስጧ ጨለማ ነው። መሬቱን የሸፈነው የረገፈ ቅጠል ነው፤ አንድ ሣር እንኳ የለም።

እንዲህ ያለ ደን መሳሳት አለበት። ይህን አውቅ ነበር። ጥቂት ዛፎች ተቆርጠው ሲወጡ የቀሩት ብርሃንና ውሃ ያገኛሉ፤ ግንዳቸውም ይወፍራል። የቱ ይቆረጥ፣ የቱ ይተው የሚለውን ግን አላውቅም ነበር።

የሚያግዙኝ ዕድሜያቸውን በደን ሥራ ያሳለፉ አንድ አዛውንት ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። የሚቆረጠውን ለመለየት ቀለም ይዤ አብረን ዞርን። ነፋስ በሚመጣበት በኩል፣ ዳሩ ላይ ያሉት ዛፎች ለዓይን አይስቡም። አጠር ያሉ፣ ወልጋዳ፣ ከመሬት ጀምሮ ቅርንጫፍ የሞላባቸው ናቸው። ከነሱ ደህና ሳንቃ አይወጣም። ሁሉንም ቀባኋቸው። ግንድ ለሚጎትተው ትራክተርም መግቢያ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ጋሼ ቀለሙን አዩና «ዳሩን ተወው» አሉኝ። «ከመሐል ከ5ቱ አንድ አንድ እያወጣህ ሂድ። ከዚያ ጥቂት ዓመት ጠብቅ።»

«ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ለምንም አይሆኑም። ቀጥ ያሉት መሐል ያሉት ናቸው።»

«እነዚህ ከፊት ስለቆሙላቸው ነዋ ቀጥ ያሉት።»

ደኑ የኔ ነው። ከዚያ በላይ አልተከራከሩኝም። እኔም ዳሩን በሙሉ፣ ከመሐሉ ደግሞ ግማሽ ያህሉን ቆረጥኩ። ማሽን መከራየት ቀላል ወጪ አይደለም። ሁለት ጊዜ ከማመጣ ባንዴ ልገላገለው አልኩ። ሥራው ሲያልቅ ፀሐይ መሬቱ ላይ አረፈች። እውነት ለመናገር፣ ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር የገባሁት።

3 ወር ሳይሞላ ዝናቡ መጣ። ለቀናት ዘነበና መሬቱ ጭቃ ሆነ። ከዚያ አንድ ሌሊት ነፋስ ተነሳ።

ጠዋት ስደርስ ሰማዩ ከሩቅ ታየኝ። መታየት አልነበረበትም። ዛፎቹ ጫፋቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርገው ተነባብረው ተኝተዋል። ሥሮቻቸው አፈር እንደታቀፉ ተገንጥለው፣ ከኔ ቁመት በላይ እንደ ግድግዳ ቆመዋል። እየቆጠርኩ ገባሁ። ከ100 በላይ ሲሆን መቁጠሬን ተውኩት። ጉቶ ላይ ተቀምጬ ለረጅም ጊዜ መነሳት አቃተኝ።

ጋሼ መጡ። አልወቀሱኝም። «ዳር ሲፈታ መሐሉ ዳር ይሆናል» አሉና ሜትር አውጥተው የወደቀ ዛፍ መለኩ። ቁመቱ 20 ሜትር፣ ውፍረቱ ደረት ከፍታ ላይ ዳር ለዳር 16 ሳንቲሜትር። «20 ሜትር 2,000 ሳንቲም ነው። ለ16 አካፍለው።» 125 መጣ። ይህ ቁጥር ከ80 በታች የሆነ ዛፍ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ከ100 ሲያልፍ ግን ነፋስ በቀላሉ ሊጥለው ይችላል፣ ሲሉ አስረዱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛፍ ነፋስ እየወዘወዘው ሲያድግ ግንዱን ከታች ያወፍራል፤ ሥሩንም ያጠነክራል። የዳሮቹ ያን ሲያደርጉ ነው የኖሩት። ወልጋዳና ቅርንጫፋም የሆኑትም ለዚህ ነው። የመሐሎቹ ግን ነፋስ አያውቁም። የቆሙት ተደጋግፈው ነው። ከጎናቸው ቦታ ሲገኝ ቀስ በቀስ መጠንከር ይችላሉ፤ ግን ዓመታት ይፈልጋሉ። እኔ 3 ወር እንኳ አልሰጠኋቸውም።

የወደቀውን ማንሳት ከመቁረጡ በብዙ ይከፋል። የታጠፈ ግንድ እንደ ተወጠረ ቀስት ነው፤ መጋዙ ሲነካው ወዴት እንደሚፈናጠር ካላወቁ ሰው ይገድላል። አንድ ቀን ከቆመው የሥር ግድግዳ ሥር ያለው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጬ የመጋዙን ሰንሰለት እሞርድ ነበር። ከነፋስ ከለል ያለ ምቹ ቦታ ነው። ጋሼ ከሩቅ ጮኹብኝ። «ውጣ ከዚያ! አሁኑኑ!» ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ ስለማላውቅ ዘልዬ ወጣሁ። የውሃ ጀሪካኔን እዚያው ትቻለሁ። ሌላ ቃል ሳይናገሩ ከጎን ሆነው ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆረጡት። ክብደቱ የተነሳለት ሥር ከነአፈሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ጉድጓዱን ገጥሞ ዘጋው። መሬቱ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ጀሪካኑ እስከዛሬ እዚያ ነው።

ደን ያላችሁ ሰዎች፣ ልጆቻችሁን ከዚያ ጉድጓድ አርቁ። ዛፉ ከወደቀ በኋላም አደጋው አላበቃም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልሸጣት አስቤ ነበር። የወደቀው እንጨት ብዙው ስለተሰነጠቀ ለማገዶ ብቻ ሆነ። የተገኘው ገንዘብ ማንሻውን እንኳ አልሸፈነም። ማገዶውም ቢሆን ወዲያው አይነድም። እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ስለሆነ ፈልጠን ደርድረን እስኪደርቅ ጠበቅን።

በሁለተኛው ዓመት ግን ክፍቱ ቦታ ላይ ማንም ያልተከላቸው ችግኞች በቀሉ። ጥዶች አሉ፤ ወፍና ነፋስ ያመጧቸው ሌሎች ዛፎችም አሉ። ቢራቢሮ መጣ። ሰው ከማይሄድበት ጥግ ላይ ተሰብሮ የቆመ ደረቅ ግንድ ነበረ፤ ጋሼ እንዳልነካው ነገሩኝ። አሁን ግንደ ቆርቁር ጎጆ ሠርቶበታል። ጠዋት መንገድ ላይ ሆኜ ሲቆረቁር እሰማዋለሁ፤ ሰምቼው ግን አልጠግብም።

ዘንድሮ ጋሼና እኔ ቀለም ይዘን እንደገና ገባን። በነፋስ በኩል ካልሆነው፣ ከተረፈው ክፍል ከ5ቱ አንድ ብቻ ቀባን። አንድ ቀጭን ዛፍ ላይ ብሩሹን ካሳረፍኩ በኋላ ቀና አልኩ። ጫፉ ከጎረቤቱ ጫፍ ጋር ተነካክቷል። ተውኩት። ጋሼ አይተውኛል፤ ምንም ሳይሉ ወደሚቀጥለው አለፉ።

ዳሩ ላይ አዲስ ችግኝ ተክለናል። ቁመታቸው ደረቴ ደርሷል። ነፋሱ ቀኑን ሙሉ ይወዘውዛቸዋል። ቅርንጫፋቸው ከመሬት ይጀምራል፤ አልገርዘውም።