ውጤቱ የታወቀ ጨዋታ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ፒትስበርግ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው። አምና በኦክቶበር የሄድኩት ለዘመድ ጥየቃ ነበር። ጥቅምት 3 ቀን ረፋዱ ላይ አቦሉን እንደጠጣን፣ እዚያ ከተማ ሠላሳ ዓመት የኖሩት ጋሼ "ተነስ፣ ጨዋታ ልናዳምጥ ነው" አሉኝ። ልናይ አላሉም፤ ልናዳምጥ።

ኦክላንድ በሚባለው ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው ሕንፃዎች አጠገብ፣ ሐረግ የወጣበት የቀይ ጡብ ግንብ ቆሟል። በ1909 ተከፍቶ በ1970 ከተዘጋውና በኋላ ከፈረሰው ከፎርብስ ፊልድ የቤዝቦል ስታዲየም የተረፈ ነው። ግንቡ ላይ 457 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ከመቺው ቦታ እስከዚያ ያለው ርቀት ነው፣ በጫማ።

ሰዉ ተጣጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ጥቁርና ቢጫ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ይበዛል። ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን የ1960ው የሬዲዮ ሥርጭት ቅጂ ተከፈተ። ልማዱ የተጀመረው በ1985 ነው፤ አንድ ሰው ቴፑን ይዞ ብቻውን መጥቶ ግንቡ ሥር ቁጭ አለ።

ጨዋታው የዎርልድ ሲሪስ (አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫ የሚወስድበት የአሜሪካ ቤዝቦል ፍጻሜ) ሰባተኛና የመጨረሻው ነው፤ ፒትስበርግ ፓይሬትስ ከኒው ዮርክ ያንኪስ። ሂሳቡን ስሰማ ሳቅሁ። ያንኪስ ያሸነፋቸውን ሦስት ጨዋታዎች 16 ለ3፣ 10 ለ0 እና 12 ለ0 ነበር የረታው። ፓይሬትስ ደግሞ በትንሽ በትንሹ እያሸነፈ ሦስት እኩል ደረሰ።

ቤዝቦል አይገባኝም። ጋሼ በጆሮዬ እያስረዱኝ ነው የቆየሁት። በስምንተኛው ዙር፣ ያንኪስ 7 ለ4 እየመራ፣ መሬት ለመሬት የመጣች ኳስ ድንገት ነጥራ የያንኪሱን ተጫዋች የቶኒ ኩቤክን ጉሮሮ መታች። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሃል ስሚዝ ኳሷን ከአጥር ውጭ ሲሰዳት ፓይሬትስ 9 ለ7 መራ። በዘጠነኛው ያንኪስ 9 እኩል ሲያደርገው ፊት ለፊቴ ያሉት ሽማግሌ ራሳቸውን ያዙ። ውጤቱን እኮ ያውቁታል! አባቴም እንዲሁ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሲተርክልን፣ ግብፅ ሁለቴ የመራችበት ጋ ሲደርስ ድምፁ ይቀንስ ነበር፣ 4 ለ2 ማሸነፋችንን እያወቀ።

9፡36 ላይ የፓይሬትሱ ቢል ማዜሮስኪ ሁለተኛዋን ውርወራ መታ። ኳሷ በያንኪሱ ተጫዋች በዮጊ ቤራ አናት ላይ አልፋ ከአጥሩ ወጣች። 10 ለ9። ሰባተኛ ጨዋታ በእንዲህ ዓይነት ምት ያለቀበት ሌላ ዎርልድ ሲሪስ እስከ ዛሬ የለም።

እኔን የማረከኝ ግን ጨዋታውን በሬዲዮ ያስተላለፈው ጋዜጠኛ ቸክ ቶምፕሰን ነው። በዚያ ግርግር የያንኪሱ ራልፍ ቴሪ የወረወራትን ኳስ፣ የወረወራት ሌላው የያንኪስ ወርዋሪ አርት ዲትማር ነው አለ፤ ውጤቱንም "10 ለ0" ብሎት አረፈ፣ ኋላ አረመው እንጂ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ስህተቱን ከሬዲዮው ቀድመው በሹክሹክታ አሉት።

ጭብጨባው ሲበርድ ግንቡን ዳሰስኩት። ጋሼ ክንዴን ያዙና "ኳሷ በዚህ አይደለም ያለፈችው" አሉኝ። ትንሽ ወረድ ብለን እግረኛ መንገዱ ላይ የተቀበረች ሰሌዳ አሳዩኝ። ሰዉ ሁሉ ፎቶ የሚነሳው ግን ግንቡ ጋ ነው። እኔም ተመልሼ እዚያው ተነሳሁ።