አሥር ቫዮሊን፣ አንድ ማሲንቆ፦ ከአሥረኛ ዓመት ኮንሰርታችን ማግስት

ኮንሰርቱ ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆነው። የግራ እጄ ትንሿ ጣት ግን አሁንም ትቆረጥመኛለች። ጥፋቱ የአንቺሆዬ ቅኝት ነው፤ እመለስበታለሁ።

ለማታውቁኝ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የወጣቶች ኦርኬስትራ ሁለተኛ ቫዮሊን ነኝ። ዘንድሮ አራተኛ ዓመቴ ነው። ቡድናችን የካቲት ላይ አሥረኛ ዓመቱን በኮንሰርት አከበረ። ባለፈው ማስታወሻዬ ስለ ቪብራቶ (ጣትን ክሩ ላይ እያወዛወዙ ድምፁን ማንቀጥቀጥ) አልቅሼላችሁ ነበር። ቪብራቶው ያው ነው፣ አልተሻለውም። ዛሬ የማወራችሁ ሌላ ነገር ነው።

ጥቅምት ላይ ቲቸር፣ ኦርኬስትራውን የሚመራልን፣ ፕሮግራሙን ሲያነብልን ሁላችንም የደነገጥነው በሞዛርት ነበር። በ1787 እ.ኤ.አ. የጻፈው የሶል ሜጀር ሴሬናድ ነው፤ ስሙን ባታውቁትም መጀመሪያውን የሆነ ሰው ስልክ ላይ ሰምታችሁታል። ከእሱ ቀጥሎ በትዝታና በአንቺሆዬ ቅኝት (ዜማው በሚሠራባቸው አምስት አምስት ድምፆች) የተዘጋጁ ሁለት አጫጭር ሥራዎች ነበሩ። እነሱን ማንም ከቁብ አልቆጠራቸውም። እናት ቤት የሰማነውን ዜማ ማን ይፈራል?

ሞዛርትን ባጭሩ ልለፈው። ሁለተኛ ቫዮሊን ብዙ ቦታ አንድ ኖታ እየደጋገመ ነው የሚመታው። የሚያስቸግረው ፍጥነቱ ነው። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥርልኝን መሣሪያ) በደቂቃ 80 ምት ላይ አድርጌ ጀመርኩ። በየሁለት ቀኑ 4 እየጨመርኩ ኅዳር ማለቂያ ላይ 132 ደረስኩ። ደጋኑን መሀሉ ላይ፣ በአጭሩ፣ ክንድ ሳይሆን አንጓ ብቻ እያንቀሳቀሱ። ክንዴን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ነበር የምለማመደው። ወንድሜ "ተቀጥተህ ነው?" ይለኝ ነበር። በቃ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ከተጫወታችሁ ሞዛርት ይወጣል።

መሀል ላይ ግን በጋው ገባ። ይኼን ለጀማሪዎች ብዬ ነው። ቫዮሊን እንጨት ነው። ክረምት እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ መቃኛው ይጣበቃል፣ በሁለት እጅ እንኳ አይዞርም። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ይደርቃል፣ ይሸማቀቃል፤ መቃኛው ይንሸራተትና ሌሊት የቃኛችሁት ጠዋት ረግቦ ታገኙታላችሁ። ታኅሣሥ ላይ በአንድ ልምምድ ላ ክሬ ሦስት ጊዜ ተፈታ። መፍትሔው የሰሌዳ ጠመኔ ነው። መቃኛውን ነቅሎ ከቀዳዳው ጋር የሚፋተግበት ቦታ ላይ ትንሽ መቀባት፤ መልሶ ሲያስገቡ እያዞሩ ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ። ክሩን ሲጠመጥሙም መቃኛው ወደ ገባበት ሣጥን ግድግዳ ጠጋ እያደረጉ። ሁሉንም ክር አንድ ላይ እንዳትፈቱ ብቻ። ክሮቹን ከፍ አድርጎ የያዘው ድልድይ ይወድቃል። እኔ ከፈታሁ በኋላ ነው ያወቅኩት።

አሁን ወደ ጣቴ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ማሲንቆ የሚጫወቱልን ጋሼ መጡ። ኖታ አያነቡም፤ አያስፈልጋቸውምም። ትዝታውን ከእሳቸው ጋር ጀመርን። አሥር ቫዮሊን ነን፣ ዜማውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሁላችንም በራሳችን ቅላፄ ለቀቅነው። አንዱ ከኖታው በፊት ያንቀጠቅጣል፣ አንዱ በኋላ ይጎትታል፣ አንዷ ደግሞ የሠርግ ዘፋኝ ሆነች። ጋሼ ደጋናቸውን አስቀመጡ።

"ልጆቼ፣ ትዝታ አንድ ሰው ነው የሚያለቅሰው። እናንተ ለቅሶ ቤት አደረጋችሁት።"

ሳቅን፤ ግን ነገሩ ገባኝ። ማሲንቆ ብቻውን የሚሄድ መሣሪያ ነው። ክሩ አንድ፣ ተጫዋቹ አንድ፣ ድምፁ የሚከተለው የራሱን ጉሮሮ። ቅላፄው ቢለዋወጥ ማን ይጠይቀዋል? አሥር ሰው ግን ባንድ ትንፋሽ ካላዜመ ጫጫታ ነው። ሞዛርት ይኼን ወረቀቱ ላይ ጨርሶልናል። የእኛን ግን ወረቀቱ የያዘው አጥንቱን ብቻ ነው።

እንዲህ አደረግን። የጋሼን ጨዋታ በስልክ ቀዳን። በግማሽ ፍጥነት አዘግይተን እያዳመጥን እያንዳንዷን ቅላፄ በእርሳስ ኖታው ላይ ጻፍን። ከዚያ ቀነስን። ሙሉ ቅላፄውን የሚጫወተው የአንደኛ ቫዮሊን መሪ ብቻ፤ ሌሎቻችን አንድ አጭር ጌጥ፣ ከኖታው በፊት፣ ደጋን ወደ ላይ። ለ24 ሚዠር (ኖታው በምት የሚከፋፈልባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ሞዛርትን በዚያ ጊዜ ሁለቴ በጨረስነው።

ቲቸር አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ስለ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሲነግረን ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ግብፅ የተወለደው ሃሊም ኤል-ዳብ በ1963 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሲያቋቁመው፣ ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን፣ እምቢልታውን ነው አንድ ላይ ያስቀመጠው። እምቢልታና በገና በየትኛው ድግስ ነው የሚገናኙት? እነዚያም ሰዎች ቁጭ ብለው "ማን ይቅደም፣ ማን ዝም ይበል" መባባላቸው አይቀርም። እኛ ቢያንስ አሥራችንም የያዝነው አንድ ዓይነት መሣሪያ ነው።

በትዝታ ላይ ያገኘሁትን አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ አይሆንልኝም። ከሶል ስትጀምሩ ትዝታ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ነው። የቫዮሊን አራቱ ክሮች ምንድን ናቸው? ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ። አራቱም ቅኝቱ ውስጥ አሉ! ስለዚህ አንዱን ስትመቱ ሌሎቹ ሳይነኩ አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ሣጥኑ በሙሉ ያዜማል። ጥሩ ተጫዋች የሆናችሁ ይመስላችኋል።

አንቺሆዬ ይኼን ደስታ ይቀማችኋል። የእኛ ከሬ ነበር የሚነሣው፦ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ሲ (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። ላና ሚ ባዶ ክሮቻችሁ ከቅኝቱ ውጪ ናቸው፤ አይረዷችሁም። ድምፁ ደረቅ ይላል። ላ ፍላትን ለማግኘት ደግሞ ሬ ክር ላይ ትንሿን ጣት ከሦስተኛዋ ጎን አጣብቆ መያዝ ነው። ትንሿ ጣት ሰነፍ ናት። ትንሽ ወደ ላይ ካለች ላ ትሆናለች፣ አንቺሆዬም ተበላሸ። በየቀኑ 15 ደቂቃ ሶል–ላ ፍላት፣ ሶል–ላ ፍላት ስል ከረምኩ። በዚያ ላይ ጋሼ የሚይዙት ላ ፍላት ከቲዩነሬ (ድምፁ ልክ መሆኑን ከሚያሳየኝ መሣሪያ) ጋር አይስማማም፤ እሳቸውን ስከተል ቀይ ያበራል። ቲቸርን ማንን ልስማ ብለው "ቲዩነሩን ኪስህ ክተተው" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ጆሮዬ መሥራት የጀመረው።

የኮንሰርቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። እማዬ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች። ሞዛርት በሰላም አለፈ። ቲቸር በመሀል ማይክ ይዞ ስለ አርባ ልጆች ተናገረ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውና ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው፣ ከዘር ጭፍጨፋ የተረፉ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ነበር፤ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ የደረሰው እሱ ነው። የቤተ መንግሥቱ ባንድ የልጆች ስብስብ እንደነበር ስሰማ ከኋላችን የተቀመጡትን የጀማሪ ክፍል ልጆች ዞር ብዬ አየሁ። አንዱ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

ትዝታው ላይ አዳራሹ ጸጥ አለ። አንቺሆዬው ወደ ችክችካ ሲገባ ግን ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀመረ። እዚህ ላይ ምክር ልስጣችሁ። ጭብጨባ ያፈጥናል። ሁልጊዜ። እልልታ ሲጨመርበት ደግሞ ይጋልባል። ልምምድ ላይ ይኼን ማንም አላሰበውም። አንደኛ ቫዮሊኖቹ ከሕዝቡ ጋር ሄዱ፤ ቼሎዎቹ ከቲቸር ጋር ቀሩ፤ እኛ መሀል ላይ ነን። ዓይኔን ከኖታው አንሥቼ የቲቸርን እጅ ብቻ አየሁ። ስድስት ሚዠር ያህል ተንገዳገድን፣ ከዚያ ተገናኘን። ቪዲዮውን ስናየው ያወቀብን የለም፣ ጋሼ ብቻ ፈገግ ብለዋል።

"ይደገም! ይደገም!" ሲባል ቲቸር ከመጀመሪያው ዓመት ልጆች የመጡትን መድረክ ላይ ጠራቸው። ያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩት አሁን የሥራ ሰዎች ሆነዋል። አንዷ ፋርማሲስት ናት፤ አምስት ዓመት ቫዮሊን አልነካችም፤ የተዋሰችውን ይዛ እኔ የኖታ ማቆሚያ ላይ ተደረበች። ኖታዬ በእርሳስ ጠቁሯል። አየችውና "ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?" አለችኝ። ለመመለስ ጊዜ አልነበረም።

ትዝታው ተጀመረ። ሁላችንም በአንድ ጌጥ፣ በአንድ ደጋን፣ እንደተስማማነው። እሷ ግን እንደፈለጋት አንጀት የሚበላ ቅላፄ ለቀቀችው። ሦስት ሳምንት የቀነስነውን ሁሉ መልሳ አስገባችው። ደግሞ ያምራል! ቲቸር ወዲያው ወደ እኛ ዞሮ በዓይኑ ወጋኝ፤ እኔን ነው የጠረጠረው። እሷን አየኋት። እሷ ዓይኗን ጨፍና እየተጫወተች ነው።