ማን ነበር የሮጠው?

ትናንት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የዚያች የእንጨት ጀልባ ሞተር መሰለኝ። የስልኬን ፎቶዎች ስጎረጉር ነጋ።

ኢንዶኔዢያ ውስጥ፣ ላቡዋን ባጆ ከሚሉት የፍሎሬስ ደሴት ወደብ ተነስተን ሪንቻ ደሴት የሄድን ዕለት ነው። ማለዳ አስራ አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት ገደማ ባሕር ላይ። መቼም ታውቁኛላችሁ፣ ዝንጅብል እያኘክሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የደረስኩት። «ያን ሁሉ ብር አውጥተሽ እንሽላሊት ልታዪ?» ያላችሁኝ ሰዎች፣ በዚያች ሰዓት ልክ ነበራችሁ።

እኛ ኮሞዶ ድራገን የምንለውን ግዙፍ እንሽላሊት እዚያ «ኦራ» ይሉታል። ወንዱ እስከ 3 ሜትር ይረዝማል። የእኔው ግን እንደ ወደቀ ግንድ ተጋድሟል። የአንገቱ ቆዳ እንደ አሮጌ ካልሲ ተሸብሽቧል። ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ቢጫ ምላሱ ብቻ ወጣ ገባ ይላል። ሽታ የሚለቅመው በሱ ነው። ከፊታችን የቆመው ስካውት በእጁ ያለው አንድ ባላ ነው። አጥር የለም፣ ጠመንጃም አላየሁም። «ቢመጣስ?» ስለው አንገቱን በባላው እገፋዋለሁ አለኝ፣ በር የሚዘጋ ይመስል። ንክሻው መርዝ እንዳለው ማንበቤ ትዝ አለኝና ወደ ባላው ጠጋ አልኩ።

ግልገሎቹ ዛፍ ላይ ነው የሚያድጉት። ከወረዱ ትልልቆቹ ይበሏቸዋላ። (ዘመድ!) ተረታቸው ደግሞ እንዲህ ነው፦ አንዲት ልዕልት መንታ ወለደች፤ አንዱ ሰው፣ አንዷ ኦራ። ስለዚህ የአገሩ ሰው ኦራን እንደ እህት ወንድሙ ያያል።

ስካውቱ ይህን ነግሮን ሲያበቃ «ብቻ እንዳትሮጡ» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ እንስሳው የማስታውሰው ነገር የለም። ታላቄ መጣችብኝ።

ባህር ዳር፣ ጣና ዳር። ከደንገሉ ውስጥ አርጃኖ ብቅ አለ። አርጃኖ እኮ የኦራ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ያኔ ግን ለእኛ አዞ ነበር። ታላቄ ሸምበቆ አንስታ ፊቴ ቆመች። ሸምበቆው ይንቀጠቀጣል። «እንዳትሮጪ፣ ከሮጥሽ ይከተልሻል» አለችኝ። ከዚያ ጥላኝ ሮጠች። እሷ ደግሞ ቀድመሽ የሮጥሽው አንቺ ነሽ ትላለች። በዚህ ስንት ዓመት ተሳሳቅን።

አሁን የምንነጋገረው በበዓል ብቻ ነው፣ በጽሑፍ፣ «እንኳን አደረሰሽ»። በእማዬ ረከቦት የተነሳ። አንድ እግሩ በሚስማር የተጠገነ፣ ጎኑ ላይ የከሰል ጠባሳ ያለበት ረከቦት። ለኔ ነው ያለችው አልኩ፤ እሷ ጭና ወሰደችው። መውሰድ ብቻ ሳይሆን ቫርኒሽ ቀባችው አሉ። ቫርኒሽ! ይኸው ሁለት ዓመታችን።

የሚገርመው እኔ ቤት ቡና አይፈላም። ማኪያቶዬን ካፌ ነው የምጠጣው።

ሌሊት አስር ሰዓት ላይ የኦራውን ፎቶ ላኩላት። ምንም አልጻፍኩበትም። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። የእህትሽን ፎቶ ተመልከቺ ማለቴ እንዳይመስላት ብዬ ላጠፋው ስል፣ ምልክቶቹ ሰማያዊ ሆኑ። ለካ እሷም አልተኛችም።

መልስ የለም። እስካሁን ስልኩን እየገለበጥኩ ነው።

ግን እኔ እሆን እንዴ የሮጥኩት?